አስኳሉ የሚበስለው ሌላ ጓዳ ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህርት ሆይ፣ ምናልባት አያስታውሱኝም፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ባዮሎጂ አስተምረውኛል። ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። አሁን ሰፈሩ ፈርሶ ከእናቴና ከወንድሜ ጋር ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ተከራይተን እንኖራለን። ለፋሲካ እናቴ ዶሮ ስትበልት ከሆዷ ውስጥ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ፣ ገና ያልተጣሉ ቢጫ እንቁላሎች ወጡ። ታናሽ ወንድሜ አራት ኪሎ ባዮሎጂ ይማራል፤ «እማዬ፣ ይህን አስኳል እንቁላሉ ራሱ አልሠራውም፤ ከውጭ ነው የገባለት። በባሕር ትሎች ላይ ሳይቀር ተጠንቷል» አላት። እናቴ ደግሞ «አርባ ዓመት ዶሮ ስበልት አፍ ያለው እንቁላል አላየሁም። እዚያው ይፈጠራል እንጂ በምን በኩል ይገባል?» አለችው። ክርክሩ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ዘለቀ። ማን ነው ትክክል? ደግሞስ ባሕር ለሌለን ለእኛ የባሕር ትል እንቁላል ምን ይረባናል?

ከራስ መኮንን ድልድይ

መልስ፦ ልጄ፣ ወንድምሽ ትክክል ነው። ነገር ግን «በምን በኩል ይገባል?» የሚለው የእናትሽ ጥያቄ ከወንድምሽ መልስ ይበልጥብኛል። ሳይንቲስቶችም ለዚህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ዓመት ደክመውባታል። ስለዚህ መጀመሪያ ከእናትሽ ማድቤት እንነሣ፤ ባሕሩ አያመልጠንም።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ዶሮ ስትበልቱ ዘለላውን ቶሎ ወደ ድስቱ አትጨምሩት። ሳህን ላይ አድርጊውና ወደ መስኮት ቀረብ በይ። ትልቁ ለመጣል የተቃረበው ነው። ቀጥሎ ያለው ከእርሱ ጥቂት ያንሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ ሰናፍጭ ፍሬና ከዚያም በታች ይወርዳል። በትልቁ ቆዳ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ታያለሽ። በመካከላቸው ምንም የደም ሥር የማይታይበት ነጣ ያለ አንድ መስመር አለ፤ አስኳሉ ሲደርስ ቆዳው የሚቀደደው በዚያ በኩል ነው። አሁን እናትሽን ጠይቂያቸው፦ አስኳሉ እዚያው የሚፈጠር ቢሆን ይህ ሁሉ ደም ምን ሊያመላልስ ይመጣል?

ከዚያ ጉበቷን አንሺ። እንቁላል የምትጥል ዶሮ ጉበት ከቄብ ጉበት ተለቅ ያለ፣ ፈዘዝ ብሎ ወደ ቢጫነት ያደላ ነው። አርባ ዓመት የበለቱ ሴት ይህን ሳያስተውሉ አይቀሩም። የአስኳሉ ማብሰያ ጓዳ ይኸው ጉበት ነው። ከእንቁልጢዋ የሚወጣው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲያዝዘው ጉበቱ ቪቴሎጄኒን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል፣ ስቡንም አብሮ እያዘጋጀ ወደ ደም ይለቅቃል። የምትጥል ዶሮ ደም ውኃው ክፍል በዚህ ስብ የተነሣ የደፈረሰ ነው። እንቁላሉ ለወራት ትንሽ ሆኖ ቆይቶ ሊጣል ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ሲቀረው ከደሙ በብዛት ይወስድና በፍጥነት ያብጣል። በሳህኑ ላይ ያየሻቸው መጠኖች መለያየታቸው ተራቸው በመለያየቱ ነው።

እናትሽ አሁንም ካልተቀበሉ አንድ ማስረጃ አለኝ፤ ይህንን እርሳቸው ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የሐበሻ እንቁላል አስኳሉ ለምን ደማቅ ቢጫ ሆነ? ዶሮዋ በግቢ እየዞረች ሣር ስለምትለቅም ነው። ቢጫውን ቀለም ዶሮ ራሷ መሥራት አትችልም፤ ከሣሩና ከቢጫ በቆሎው ታገኘዋለች። ቀለሙ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ከስቡ ጋር ወደ አስኳል ይሄዳል። ሣር ያላየች፣ ነጣ ያለ መኖ ብቻ የበላች ዶሮ አስኳሏ ገርጣ ይላል። እንግዲህ ቀለሙ ከውጭ መግባቱን የጉሊት ሴቶች ሁሉ ያውቁታል ማለት ነው፤ ፕሮቲኑም በዚያው በር ቢገባ ለምን ይገርመናል?

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ቪቴሎጄኒን ትንሽ ነገር አይደለም። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ ጡቦች፣ ብቻ ያሉት ሲሆን የዶሮዋ ቪቴሎጄኒን አንዱ ሰንሰለት ብቻ ከ1,800 በላይ አለው። ይህን የመሰለ ግዙፍ ነገር የሕዋስን ሽፋን ሾልኮ አያልፍም። ሕዋሱም ዝም ብሎ ቢከፍትለት ያገኘው ሁሉ ተግተልትሎ ይገባበታል። በደም ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ዓይነት ፕሮቲን አለ፤ እንቁላሉ ግን ከዚያ ሁሉ የሚፈልገውን ለይቶ ያከማቻል። እኔን ዕድሜ ልኬን ሲያስደንቀኝ የኖረው ይህ መምረጡ ነው።

ይህን ለማየት ደግሞ የዶሮ እንቁላል አይመችም። ዙሪያውን በረዳት ሕዋሳትና በደም ሥር ተጠቅልሏል፤ ማን ምን እንደሠራ መለየት ያስቸግራል። የባሕር ትል የተፈለገችው ለዚህ ነው።

የአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ ሳለሁ፣ አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ ለመስክ ጥናት ምጽዋ ወርደን ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው ጭቃ ውስጥ በእጃችን እየቆፈርን ትል ሰበሰብን። ለእኔ የደረሰችኝ ኔሬይድ ከሚባሉት ወገን ናት፤ ሰውነቷ በቀለበት የተከፋፈለ፣ በየቀለበቱ ግራና ቀኝ ቀዘፋ የሚመስሉ አጫጭር እግሮች ያሏት። መልኳ ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። ጎኗን በመርፌ ጫፍ ስነካው ደመናማ ፈሳሽ ጠብ አለ። ጠብታውን መስታወት ላይ አድርጌ በማይክሮስኮፕ ሳየው ክብ ክብ እንቁላሎች ሞልተውታል፤ አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ፣ ከምንም ነገር ሳይጠለጠል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይንሳፈፋል። ስፋታቸው ወደ 0.2 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ላይ አምስቱ ይደረደራሉ። ቁጭ ብዬ በእርሳስ ሣልኳቸው። በመካከላቸው ሌሎች ትንንሽ ሕዋሳት ነበሩ፤ እነርሱን ግን እንደ ጉድፍ ቆጥሬ በጥቂት ነጥብ አለፍኳቸው።

እነዚያ ነጥቦች ዛሬም ይቆጩኛል። ኤሌዮሳይት የሚባሉት እነርሱ ነበሩ፤ በኔሬይድ ትሎች ዘንድ ቪቴሎጄኒንን የሚሠሩት፣ የዶሮዋን ጉበት ሥራ የያዙት። ትሏ እንደ ዶሮዋ ያለ ጉበት የላትም። በቆዳዋና በአንጀቷ መካከል ባለው ፈሳሽ የተሞላ ክፍተት ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት እየተንሳፈፉ አስኳሉን ያበስላሉ፣ ወደ ፈሳሹም ይለቅቁታል። እንቁላሎቹም በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ናቸው። አብሳይና ተመጋቢ በአንድ ገንዳ ይዋኛሉ፤ ነገር ግን አንዱ ለሌላው በእጁ አያጎርሰውም፣ እንቁላሉ ራሱ ከፈሳሹ ለቅሞ ይወስዳል።

እንዴት ይለቅማል? የእንጀራን ዓይን አስቢ። የእንቁላሉ ገጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ለስላሳ አይደለም፤ እንደ ጸጉር የቀጠኑ ጣቶች ወደ ውጭ ወጥተዋል፣ ከጣቶቹ ሥር ደግሞ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። በሽፋኑ ላይ ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች ተተክለዋል። ተቀባዩ ቪቴሎጄኒንን ያውቃል፤ ቁልፍ የገዛ ጋኑን እንደሚያውቅ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይገጥማል፣ ሌላውን ይተዋል። ጭነታቸውን የያዙ ተቀባዮች በጉድጓዱ ውስጥ ይሰበሰባሉ። በውስጥ በኩል ክላትሪን የሚባል ፕሮቲን ጉድጓዱን ይደግፈዋል። እያንዳንዱ ክላትሪን እንደ ሦስት ጉልቻ በሦስት አቅጣጫ የሚዘረጋ እግር አለው፤ እግሮቹ እርስ በርስ ሲቆላለፉ ልክ እንደ ስፌት ቅርጫት ይሠራሉ። ጉድጓዱ እየጠለቀ፣ አፉ እየጠበበ ይሄድና ይዘጋል፤ ከሽፋኑ ተበጥሶም ከረጢት ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል። የከረጢቱ ስፋት በግምት የአንድ ሚሊሜትር ዐሥር ሺኛ ነው። እናትሽ የፈለጉት አፍ ይህ ነው፤ ጎርሶ ይጠፋል፣ በሌላ ቦታ ሌላው ይከፈታል።

ከረጢቱ ከገባ በኋላ የክላትሪኑን ልብስ ያወልቃል፤ ከሌሎች ከረጢቶችም ጋር ይዋሐዳል። በዚህ መንገድ በሚሠሩ ሕዋሳት ዘንድ የከረጢቱ ውስጥ ኮምጠጥ ሲል ተቀባዩ ጭነቱን ይለቅቃል፣ ራሱም ወደ ሽፋኑ ተመልሶ ሌላ ይጭናል። ፒያሳ ላይ ሰው አውርዶ ባዶውን ወደ አራት ኪሎ እንደሚመለስ ታክሲ ማለት ነው። ቪቴሎጄኒኑ ግን አይመለስም። ተቆራርጦ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ በአስኳል እንክብሎች ውስጥ ይቀመጣል። ወዲያው እንዳይፈጭ መደረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላ ሕዋስ ቢሆን የዋጠውን ያኔውኑ ይበላው ነበር። እንቁላሉ ግን ገና ላልተፀነሰ ልጅ ያኖረዋል።

ጉድጓዶቹን ከአስኳል ጋር ያገናኙት የመጀመሪያ ሰዎች ትል አልነበረም የያዙት፤ ትንኝ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶማስ ሮዝና ኪት ፖርተር ቢጫ ወባን የምታስተላልፈውን ትንኝ መረመሩ። ይህች ትንኝ ደም ከጠጣች በኋላ ባሉት ሰባት ሰዓታት በእንቁላሏ ገጽ ላይ ያሉት ጉድጓዶች 15 እጥፍ በዙ። ክላትሪንን ለይታ ስም የሰጠችው ባርባራ ፒርስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ከአሳማ አንጎል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ኔሬይስ ቪሬንስ በምትባለው የባሕር ትል እንቁላል ላይ ያለው የአስኳል ተቀባይ ተለይቶ ከአንበጣው ተቀባይ ጋር ተነጻጸረ። ትልና አንበጣ በዘር እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ በሩ ግን አንድ ዓይነት ነው።

ተቀባዩ ባይኖርስ? ለዚህ የምትመሰክር ዶሮ አለች። ይህን ተቀባይ የሚሠራው ዘረመል የተበላሸባቸው ዶሮዎች በምርምር ተገኝተዋል። ጉበታቸው ይሠራል፣ ደማቸውም በስብ ይሞላል፤ በሩ ግን ስለማይከፈት እንቁላሉ ሳያድግ ይቀራል። እንዲህ ያለች ዶሮ እንቁላል አትጥልም ማለት ይቻላል። ስንቁ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ተመልሷል።

አሁን «ምን ይረባናል?» ወዳልሽው። ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ። የዶሮዋ የአስኳል ተቀባይ በእኛ ጉበት ላይ ሆኖ ኮሌስትሮል የተሸከመውን ቅንጣት ከደም ከሚለቅመው ተቀባይ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ይህን የሰው ተቀባይ አግኝተው፣ በውርስ የተበላሸባቸው ልጆች ለምን ገና በሕፃንነታቸው የልብ ሕመም እንደሚይዛቸው አስረዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1985ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ ስታቲን የሚባለው መድኃኒት ጉበት እነዚህን በሮች እንዲያበዛ በማድረግ ይሠራል። በትንኝ እንቁላል ላይ የታየው ጉድጓድና የሰው ጉበት ኮሌስትሮል የሚለቅምበት ጉድጓድ አሠራራቸው አንድ ነው።

እናትሽን ግን ሙሉ በሙሉ ተረቺ አድርጌ አልሸኛቸውም። የባሕር ትል ብዙ ዓይነት ነው፤ የአንዳንዱ እንቁላል እንደ አሚኖ አሲድ ያሉ ትንንሽ ነገሮችን ብቻ ወስዶ አስኳሉን ራሱ እቤቱ ይሠራል፣ ሁለቱንም መንገድ የሚያጣምርም አለ። «እዚያው ይፈጠራል» ያሉት በእነዚህ ዘንድ እውነት ነው። እቤቱ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ቀስ ይላል፤ የተዘጋጀ የሚገባለት ቶሎ ይደርሳል። ኔሬይዶች ግን የተዘጋጀ እየገባላቸውም ለወራት ያዘግማሉ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልንገርሽ፤ እኔ ራሴ ዘግይቼ ያወቅሁት ነው። የኔሬይድ ትል የምትወልደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለአስኳልና ለእንቁላል ከሰውነቷ ብዙ ታወጣለች። ጊዜው ሲደርስ መብላት ታቆማለች፣ አንጀቷ ይኮማተራል፣ የጡንቻዋ ከፊል ይፈርሳል፤ ዓይኖቿ ግን ይተልቃሉ፣ ቀዘፋዎቿም ለመዋኘት ይሰፋሉ። ከዚያ ጨረቃን ጠብቃ በሌሊት ከጭቃው ወጥታ ወደ ውኃው ወለል ትዋኛለች፣ እንቁላሎቿን ትበትናለች፣ ትሞታለች። እጮቹ ራሳቸው መመገብ እስኪጀምሩ ድረስ የሚኖሩት እናታቸው ባስቀመጠችላቸው አስኳልና ስብ ነው። ምጽዋ ላይ በመርፌ የወጋኋት ያቺ ቢጫ ትል ለዚያ ሌሊት ስትሰናዳ የነበረች ናት፤ ቢጫነቷም በቆዳዋ በኩል የሚታየው የእንቁላሎቿ ቀለም ነበር።

እንዲህ ያለ፣ የማይመለሱበት ነገር ያለጊዜው እንዳይጀመር የሚከለክል ሊኖር ይገባል። ከልካዩ በጭንቅላቷ ውስጥ ነው። የወጣት ትል ጭንቅላት ሲቆረጥ እንቁላሎቿ ያለጊዜያቸው እንደሚበስሉ ከታወቀ ቆይቷል፤ ሆርሞኑ ምን እንደሆነ ግን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፦ ሜቲልፋርኔሶኤት። ይህ ሆርሞን ኤሌዮሳይቶቹ ቪቴሎጄኒን እንዳይሠሩ ያግዳቸዋል፤ ትሏ ስትጎለምስ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ያኔ ምጣዱ ይጣዳል። በዚያው ጥናት አንድ የሚያሳስብ ነገር ተገኘ። የትንኝ እጭ ለማጥፋት የሚረጩ አንዳንድ ኬሚካሎች የነፍሳትን ሆርሞን የሚመስሉ ናቸው፤ በቤተ ሙከራ የትሏን ሕዋሳት ሲነኩ የአስኳሉን ሥራ ገቱት። ለትንኝ ተብሎ የተረጨ መድኃኒት ከወንዝ ጋር ባሕር ሲደርስ ማንም ያላሰባትን ትል ልጅ ሊያሳጣት ይችላል። እኛ ባሕር ባይኖረንም ወንዞቻችን ከሀገር ይወጣሉ፤ የሚረጨውን መጠንቀቅ የእኛም ጉዳይ ነው።

ለወንድምሽ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ፦ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ትንንሾቹንም ይሣል።

ጥያቄ፦ ክረምት ሲመጣ ስድስት ኪሎ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ የምድር ትል በብዛት ይወጣል። ልጄ «እነዚህስ እንቁላላቸው አስኳል አለው?» አለኝ። ምን ልመልስለት?

ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ ጥቂት ብቻ። የምድር ትል እንቁላል ደቃቅና አስኳሉ አነስተኛ ነው፤ ስንቁ በሌላ መልክ ይሰጠዋል። በአንገቷ አካባቢ ወፈር ብሎ የሚታየውን ቀለበት ለልጅዎ አሳዩት። ያ ቀለበት የሚያመነጨው ነገር ደርቆ ትንሽ ከረጢት ይሆናል፤ ውስጡ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ፈሳሽ ይሞላዋል፣ እንቁላሎቹም እዚያ ይጣላሉ። ፅንሱ ዙሪያውን ያለውን ፈሳሽ እየዋጠ ያድጋል። የባሕሯ ትል እንቁላሏን ከመጣሏ በፊት አስታጥቃ የምትሸኘውን፣ የምድሯ ትል ከረጢት ውስጥ አስቀምጣ ትተውለታለች። ከዝናብ በኋላ አፈሩን በማንኪያ ቀስ ብለው ቢገለብጡ ከረጢቱን ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ከሽምብራ ያነሰ፣ ጫፍና ጫፉ ሾል ያለ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ነው። አይታችሁ ወደ ነበረበት መልሱት፤ እርጥበቱ ሳይደርቅ በአፈር ሸፍኑት።